ሾሻ 1915፦ ስሙ የጠፋው ቀላል መትረየስ ሲመዘን

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያዎች ጨዋታ ሲነሳ «ከሁሉ የከፋው የትኛው ነበር?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። መልሱም አፍ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፦ ሾሻ። የፈረንሳዩ ቀላል መትረየስ፣ በይፋዊ ስሙ የ1915 ሞዴል ሲኤስአርጂ። ይነክሳል (ጥይት ተቀርቅሮበት ይቆማል)፣ ይግላል፣ ካዝናው ጭቃ ይቅማል፣ የተኳሹን ጉንጭ በጥፊ ይመታል። ክሱ ሐሰት አይደለም። ግን ይህ ሁሉ የሚወራበት መሣሪያ በዚያ ጦርነት ከተሠሩት አውቶማቲክ መሣሪያዎች ሁሉ በብዛት አንደኛ ነው፤ 262,000 ገደማ ተመርቷል። የፈረንሳይ እግረኛ ጦር ከ1916 ጸደይ አንስቶ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ተሸክሞት ዘምቷል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀድም። «ሾሻ» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው በ8 ሚሊሜትር ጥይት የሚሠራው የፈረንሳዩ ነው፤ ካዝናው መጥፎ፣ አሳቡ ግን ትክክል፣ ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው የሚታዘዝ። ሁለተኛው ለአሜሪካኖች ጥይት ተብሎ የተሠራው የ1918 ሞዴል ነው፤ እሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የተበላሸ ነው። የሁለተኛው ኃጢአት በአንደኛው ላይ ተጭኖ መቶ ዓመት አልፎታል።

አንድን ዕቃ ለመመዘን መጀመሪያ ምን ታዝዞ እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል። በ1915 የፈረንሳይ ጦር የነበረው መትረየስ ሆችኪስና ሴንት ኤትየን ነው። ሆችኪስ 1914 ብቻውን 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለሦስት እግር መቆሚያው ሌላ ያንኑ ያህል ይጨምራል። ምሽግ ውስጥ ተተክሎ ለመከላከል ወደር የለውም። ወደ ፊት የሚሮጥ እግረኛ ግን ይዞት ሊሮጥ አይችልም። ወታደሩ ከምሽጉ ወጥቶ የጠላት ምሽግ ላይ ሲደርስ በእጁ ያለው አንድ በአንድ የሚተኮስ ጠመንጃና የእጅ ቦምብ ብቻ ነው። የተፈለገው እንግዲህ አንድ ሰው ተሸክሞ እየሄደ የሚተኩሰው፣ የተለመደውን የጠመንጃ ጥይት የሚበላ፣ በመቶ ሺህ በሚቆጠር መጠን ቶሎ የሚመረት መትረየስ ነው። «ቶሎ» የሚለው ቃል ላይ ይሰመርበት። የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች በሙሉ በሌላ ሥራ ተጠምደው ነበር፤ ስለዚህ ይህ መሣሪያ የጦር መሣሪያ ሠርቶ በማያውቅ ፋብሪካ መሠራት ነበረበት።

ሲኤስአርጂ የሚለው ስም ታሪኩን በአራት ፊደል ይናገራል፦ ሾሻ፣ ሱቴር፣ ሪቤይሮል፣ ግላዲያተር። ኮሎኔል ሉዊ ሾሻና መሣሪያ ሠሪው ሻርል ሱቴር ከጦርነቱ በፊት ጀምረው ፒዩቶ በሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ተቋም ሲደክሙበት የቆዩት ንድፍ ነው። ፖል ሪቤይሮል የግላዲያተር ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ግላዲያተር ደግሞ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት የሚሠራ ድርጅት ነው። (ሦስቱ ሰዎች በአርኤስሲ 1917 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ላይም ስማቸው ይገኛል፤ እዚያ የሪቤይሮል ፊደል ፊት ቀደመች።)

መሣሪያውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የብስክሌት ፋብሪካውን አሻራ አያጣውም። ዋናው አካል ክብ ቱቦ ነው። በዙሪያው ያለው አብዛኛው ነገር ታትሞ (በመጭመቂያ ማሽን ተመትቶ) የታጠፈ ላሜራ ሲሆን የሚያያዘውም በብሎንና በካስማ ነው። በጥንቃቄ ተፈልፍለው የተሠሩት ክፍሎች ጭነቱን የሚሸከሙት ብቻ ናቸው፤ መቀርቀሪያው፣ የመቀርቀሪያው ራስ፣ አፈሙዙ። አፈሙዙም ቢሆን ከባዶ አልተጀመረም፤ አማርኛ ተናጋሪ «ለበን» እያለ የሚጠራው የ1886 ጠመንጃ አፈሙዝ ተቆርጦ 47 ሳንቲሜትር እንዲሆን ተደርጎ ነው የተገጠመው። በዘመኑ የነበረ ጠመንጃ ሠሪ ይህን ሲያይ አፍንጫውን ቢነፋ አያስደንቅም። የተወለወለ እንጨት፣ ጥቁር ሰማያዊ ብረት የለመደ ዓይን ሾሻን የውሃ ቧንቧ ነው ቢለው እውነት አለው። ግን ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የመጡት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውቶማቲክ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ በቱቦና በታተመ ላሜራ።

ልኩ ይህ ነው፦ ርዝመቱ 1.14 ሜትር፣ ክብደቱ ያለ ጥይት 9 ኪሎ ከትንሽ በላይ፣ ካዝናው ባለ20፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 250 ጥይት አካባቢ። ከቃታው ኋላ የሽጉጥ ዓይነት እጀታ አለው፤ ከፊት ለግራ እጅ የእንጨት መያዣ። ሰደፉ ከአፈሙዙ መስመር ብዙ አልወረደም። መምረጫው ሦስት ቦታ አለው፤ «ሲ» ለነጠላ ተኩስ፣ «ኤም» ለተከታታይ፣ «ኤስ» ለመቆለፊያ። አንድ ሰው የሚሸከመው፣ በነጠላም በተከታታይም የሚተኩስ፣ እጀታ ያለውና ካዝናው ከታች የሚገባ መሣሪያ ማለት ነው። ዛሬ በየወታደሩ እጅ ያለውን ጠመንጃ የሚገልጸውም ይኸው አረፍተ ነገር ነው፤ ጥይቱ ብቻ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ፤ የዚህ መሣሪያ ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ሾሻ የሚሠራው በረጅም የኋሊት ግፊት ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ አፈሙዙና መቀርቀሪያው እንደተቆላለፉ አንድ ላይ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የሚሄዱትም ከሙሉው ጥይት ርዝመት በላይ ነው። የመንገዱ መጨረሻ ላይ የመቀርቀሪያው ራስ ዞሮ ይፈታል። መቀርቀሪያው እዚያው ተይዞ ሲቀር አፈሙዙ በራሱ ሞላ ወደ ፊት ይመለሳል። ቀለህው በመቀርቀሪያው ጥፍር እንደተያዘ ነው፤ ስለዚህ አፈሙዙ ነው ከቀለህው ላይ የሚወልቀው ማለት ይቻላል። ቀለህው በቀኝ በኩል ይወረወራል። አፈሙዙ ቦታው ሲደርስ መቀርቀሪያውን ይለቀዋል፤ መቀርቀሪያውም በሁለተኛው ሞላ ተገፍቶ ከካዝናው ጥይት እየገፈፈ ይመጣል። ቃታው እንደተሳበ ከሆነ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ከባድ ብረት ሄዶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳልና መሣሪያው ዝግተኛ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ እኛ እንደ ጥቅም እንቆጥረዋለን። በደቂቃ 250 ሲተኩስ 18 ጥይት ለመጨረስ ከ4 ሰኮንድ በላይ ይወስዳል። ጣቱ የሠለጠነ ሰው መምረጫውን ሳይነካ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ተኩሶ ማቆም ይችላል። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ተኩስ ይህ ሁሉ ብረት ወዲያና ወዲህ ሲላጋ መሣሪያው በተኳሹ እጅ ይራወጣል፤ ሁለተኛው ጥይት የመጀመሪያው የሄደበት መሄዱ የዕድል ጉዳይ ነው። ሦስተኛ፣ አፈሙዙ በሽፋን ቱቦ ውስጥ የሚንሸራተት ነገር ስለሆነ መንገዱ ላይ የሚገባ አሸዋም ሆነ ሙቀት ሥራውን ያስቆመዋል።

ስለ ሙቀቱ ትንሽ እንቆይ። በአፈሙዙ ላይ ሙቀት እንዲበትን የአሉሚኒየም ክንፍ ተገጥሟል፤ ሁሉም ነገር ደግሞ ቀዳዳ ባለው የውጭ ቱቦ ተሸፍኗል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በላይ ይሰፋል። ካዝና በካዝና ላይ እየቀየሩ ያለ ዕረፍት ሲተኮስ ውስጠኛው ክፍል አብጦ የውጭውን ቱቦ ይይዘዋል፤ አፈሙዙም ወደ ኋላ እንደሄደ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ መንከስ በመዶሻም በስድብም አይፈታም። የሚፈታው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ያም ደቂቃዎች ይፈልጋል። የፈረንሳይም የአሜሪካም መመሪያዎች በአጭር በአጭሩ ወይም በነጠላ እንዲተኮስ የሚያዙት ለዚህ ነው። ሾሻን እንደ ሆችኪስ ያለማቋረጥ ለማንጣጣት የሞከረ ሰው የገዛውን ዕቃ አላወቀውም።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ፣ ወደ ካዝናው። መሣሪያው ከሚነክስባቸው ጊዜያት አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግን ከሾሻ አልፎ ወደ ጥይቱ መሄድ ያስፈልጋል። የለበን 8 ሚሊሜትር ጥይት በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ጠመንጃ ሲገባ በችኮላ የተዘጋጀ ነው። አዲስ ቀለህ ከመንደፍ ይልቅ የ1874ቱን የግራ ጠመንጃ፣ ማለትም የውጅግራን ባለ11 ሚሊሜትር ቀለህ አንገቱን አጥብበው ተጠቀሙበት። ውጤቱ ቂጡ ሰፊ፣ ወገቡ ሁለት ጊዜ የሚሾል ጥይት ሆነ። የቂጡ ጠርዝ 16 ሚሊሜትር ሲሆን አንገቱ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጥይቶቹ በቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ለሚደረደሩበት ለለበን ይህ ግድ አይሰጠውም። አንዱን በሌላው ላይ መደርደር ሲመጣ ግን ችግሩ ይገለጣል። ባለጠርዝና ሾጣጣ ነገር ሲደራረብ ኋላው እየከፈተ፣ ፊቱ እየጠበበ ይሄዳል። ሃያውን ስትደረድር ግማሽ ክብ ይሆናል። ያ ከሾሻ ሆድ ሥር የተንጠለጠለው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሠሪው ምርጫ አይደለም፤ በ1886 የተወሰነ ጉዳይ ነው።

ቅርጹ ይሁን ግድ የለም። ጥፋቱ በአሠራሩ ላይ ነው፣ ይህ ደግሞ የማንም ሳይሆን የሾሻ ሠሪዎች ጥፋት ነው። ካዝናው ከስስ ላሜራ ነው የተሠራው፤ ቦርሳ ውስጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ፣ ወታደር ሲወድቅበት ይጎደጉዳል። የላይኛው ከንፈሩ ትንሽ እንኳ ከታጠፈ ጥይቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይመጣና ከአፈሙዙ ቂጥ ጋር ይጋጫል። ሞላው ደካማ ነው፤ ሃያ ጥይት ሲሞላ የመጀመሪያዎቹን በጊዜ ገፍቶ ላያደርስ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተኳሽ 18 ወይም 19 ብቻ ነው የሚሞላው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የቀኝ ጎኑ ነው፤ የቀረውን ጥይት በዓይን ለመቁጠር ይመቻል ተብሎ በሰፋፊ ቀዳዳ ተከፍቷል። በጠረጴዛ ላይ ያማረ አሳብ ነው። በ1916ቱ የቬርደንና የሶም ጦር ሜዳዎች ጭቃ ውስጥ ግን በሆዱ እየተሳበ ለሚሄድ ሰው ይህ ለጭቃ የተከፈተ በር ነው። ጭቃው በጥይቱ ላይ ይለጠፋል፣ ጥይቱ ወደ አፈሙዙ ይዞት ይገባል፣ እዚያ በሙቀት ይጋገራል።

መድኃኒቱ ይታወቅ ነበር። ካዝናው እስከሚፈለግበት ደቂቃ ከቦርሳው አይወጣም። ሲሞላ እያንዳንዱ ጥይት በጨርቅ ይጠረጋል፤ ዘይት በስሱ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ከንፈሩ የተጣመመ ካዝና ሊቃና አይሞከርም፣ ይጣላል። ይህን የሚያደርግ ቡድን የሚሠራ መሣሪያ ነበረው። ይህን ማድረግ የማይችል፣ ወይም ያልተነገረው፣ የብረት ዱላ ነበረው።

አያያዙም ትምህርት ይፈልጋል። ዋናው ቱቦ ከተኳሹ ፊት አጠገብ ነው የሚያልቀው፤ ጉንጩን እንደ ለመደው ጠመንጃ ሰደፍ ላይ አሳርፎ የሚተኩስ ሰው የቱቦው ቂጥ አጥንቱን ይመታዋል። የፈረንሳይ ወታደሮች ይህን «ጥፊው» ብለው ሰየሙት። ትከሻ ላይ ጠበቅ ማድረግና ፊትን ትንሽ ማራቅ ያስፈልጋል። ልል ተደርጎ ከተያዘ መሣሪያው በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አፈሙዙ መሄድ የሚገባውን ያህል ርቀት ለመሄድ የሚፈልገው ጉልበት በከንቱ ይባክናል፣ ዙሩም ሳይሞላ ይቀራል። ከፊት ያለው ባለሁለት እግር መቆሚያ ቀጭንና የሚወላወል ነው፤ ከእሱ የአፈር ከረጢት ይሻላል።

ማነጣጠሪያው ሌላ ጉድ ነው። የግላዲያተር ምርቶች በተለምዶ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይመታሉ። ጉድለቱ ቶሎ ታውቆ ነበር፤ አልተስተካከለም። ተኳሹ የራሱን መሣሪያ ጠባይ አጥንቶ ከዒላማው በላይና በግራ ማነጣጠር ነበረበት። እስከ 2,000 ሜትር የተመለከተው የማነጣጠሪያ ደረጃ እንግዲህ ለጌጥ ነው ማለት ይቻላል። የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ርቀት 200 ሜትር አካባቢና ከዚያ በታች ነው፤ የታዘዘውም ለዚያ ነው።

ከግላዲያተር ሌላ ሲዳርም የተባለ ፋብሪካ በ1918 18,600 ያህል አምርቷል። የእነዚህ አጨራረስና አሠራር ከግላዲያተሩ ይሻላል። ንድፉ አንድ ሆኖ ውጤቱ መለየቱ ስለ ብዙው ችግር ምንጭ የሚነግረን ነገር አለ፦ የልኬት ጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ግላዲያተር 225,000 ገደማ ሲያመርት የአንዱ መሣሪያ ክፍል ሌላው ላይ እንደ ልብ አይገጥምም ነበር፤ በሞረድ ማስማማት ያስፈልጋል። ግንባር ላይ ከአንድ የተሰበረ መሣሪያ ክፍል ነቅሎ ሌላውን መጠገን የማይቻል ከሆነ በታተመ ላሜራ የመሥራት ትልቁ ትርፍ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። በእኛ ዓይን ይህ ከካዝናው ቀጥሎ ሁለተኛው ከባድ ነቀፋ ነው፤ የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፈረንሳዮች ተጠቀሙበት፣ ያውም በደንብ። በ1916 መጨረሻና በ1917 የእግረኛ ጓዶች እንደገና ሲደራጁ ማዕከሉ ሾሻ ሆነ። ተኳሹ ብቻውን አይሄድም፤ አጠገቡ ካዝና የሚያቀብልና የሚሞላ ረዳት አለ፣ ሌሎችም ጥይት ይሸከማሉ። ከእነሱ ጋር በለበን አፍ ላይ በተሰካ ጽዋ የሚወረወረውን የቪቪየን ቤሲየር ቦምብ የያዙ ወታደሮች ይሰለፋሉ። ይህ ቦምብ መሃሉ ቀዳዳ ስላለው በተለመደው ጥይት ነው የሚተኮሰው፤ ጥይቱ በቀዳዳው ሲያልፍ ማቀጣጠያውን ይመታል፣ ተከትሎት የሚወጣው ጋዝ ቦምቡን ይገፋዋል። ሾሻ የጠላትን መትረየስ አንገት ያስደፋል፣ ቦምቡ ከላይ ይወርድበታል፣ የእጅ ቦምብ የያዙት በጎን ይዞራሉ። ሾሻ የተመዘነበት ሥራ ይህ ነው። ማንገቻውን በትከሻ አድርጎ ከወገብ ላይ እየተኮሱ መራመድም በመመሪያ የተጻፈ ነበር፤ የሚገድለው ጥቂት ቢሆንም ምሽግ ውስጥ ያለውን ሰው ራሱን ቀና እንዳያደርግ ለማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደ አሜሪካኖቹ። ዩናይትድ ስቴትስ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ለእግረኛዋ የሚበቃ ቀላል መትረየስ አልነበራትም። በዚያው ዓመት ኦገስት 16,000 በ8 ሚሊሜትር፣ 25,000 ደግሞ በራሷ ጥይት የሚሠራ ሾሻ አዘዘች። የመጀመሪያው ክፍል ደረሰ፤ የአሜሪካ ጦር በፈረንሳይ የተዋጋው በዋናነት በእነዚህ ነው። ሉዊስ የተባለውን ቀላል መትረየስ ይዘው የመጡት የባሕር ኃይል እግረኞች ሳይቀሩ ሉዊሳቸውን አስረክበው ሾሻ ተቀበሉ፤ ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም። ያም ሆኖ በዚህ መሣሪያ ጀግንነት ፈጽመው የሀገራቸውን ከፍተኛ ሜዳልያ ያገኙ ወታደሮች አሉ፤ ኦክቶበር 16 ቀን 1918 በኮት ደ ሻቲዮን የተዋጋው ቶማስ ኒባወር አንዱ ነው።

ጥፋቱ ከሁለተኛው ክፍል ነው። ወደ 19,000 የሚሆኑ በአሜሪካ 7.62 ሚሊሜትር ስፕሪንግፊልድ ጥይት የሚሠሩ ሾሻዎች ከግላዲያተር ወጡ። በወረቀት ላይ ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ መሆን ነበረበት። የአሜሪካው ጥይት ጠርዝ የለውም፣ ወገቡም ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ነው፤ የግማሽ ጨረቃው ካዝና ቀርቶ ባለ16 ሳጥን ካዝና ተሠራለት። የካዝናው በሽታ ተፈወሰ ማለት ነው። ግን ጥይቱ የሚያድርበት የአፈሙዙ ቂጥ ሲፈለፈል ልኩን ሳይጠብቅ ተሠራ። በጠባብ ቦታ የገባ ቀለህ ሲፈነዳ አብጦ ይጣበቃል፤ መሣሪያው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። የስፕሪንግፊልድ ጥይት ከለበኑ የበለጠ ኃይለኛ ነው፤ ቀለህው ሾጣጣ ስላልሆነም ትንሽ ሲንቀሳቀስ አይላቀቅም። ያ የተሰደበው የውጅግራ ሾጣጣ ቅርጽ እዚህ ላይ ጥቅሙ ታየ፤ ሾጣጣ ነገር በትንሽ ጉተታ ይነቀላል። ጥፍሩ ቂጡን ነጭቶ ቀለህው እዚያው ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ይመጣል፣ መሣሪያው ይቆማል። ወታደሩ መወልወያ ዘንግ በአፉ ሰዶ ይመታዋል። ከጥቂት ጥይት በኋላ እንደገና።

አብዛኞቹ ከማሠልጠኛና ከመጋዘን አልወጡም። ግን መሣሪያውን በልምምድ ላይ የሞከሩት ወታደሮች ትዝታ ነው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ታሪክ የሞላው፤ ሾሻ የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ስድብ ሆነ። 8 ሚሊሜትሩን የያዘ ፈረንሳዊም አመስግኖት አያውቅም፤ ግን አማራጭ ሳይኖረው ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቶበታል።

ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸርስ? ሉዊስ የተሻለ መሣሪያ ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። 47 ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝና አለው፣ በደቂቃ 500 እና ከዚያ በላይ ይተኩሳል፣ ዒላማ ይመታል። ግን 12 ኪሎ ከዚያም ይበልጣል፤ ዋጋውም የሚፈልገው የእጅ ሥራም እንዲሁ ይበልጣል፤ የመንከሱ ዝርዝርም ረጅም ነው፣ የእንግሊዝ ተኳሾች በቃላቸው ይዘውት ነበር። የጀርመኑ 08/15 «ቀላል» የተባለው ከታላቅ ወንድሙ ከከባዱ መትረየስ 08 አንጻር ነው፤ ውሃው ሳይጨመር 18 ኪሎ ገደማ ነው። ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ ሯጩ ግን ብርቱ መሆን አለበት። የብራውኒንጉ የ1918 ሞዴል 7 ኪሎ ከሩብ፣ በጋዝ የሚሠራ፣ ባለ20 ቀጥ ያለ ካዝና፣ ሁሉ ነገሩ የተሻለ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፦ ግንባር የደረሰው በሴፕቴምበር 1918 ነው፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው። ሾሻ በሶም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የወሰዱት አገሮች ያደረጉት ማሻሻያ የግምገማችንን ነጥብ ያጠናክራል። ቤልጅግ በራሷ 7.65 ሚሊሜትር ጥይት ቀየረችው፤ ጥይቱ ጠርዝ አልባ ስለሆነ ካዝናው ተቃና፣ ኋላም የአቧራ መከላከያ ጨመረችበት። ፖላንድ በ1920 ከሶቪየቶች ጋር ስትዋጋ ተጠቅማበታለች፤ ከፊሉንም በ7.92 ሚሊሜትር አስተካክላዋለች። ፊንላንድ በ1940 በሺዎች የሚቆጠር ከፈረንሳይ ተቀብላለች። ፈረንሳይ ራሷ ትምህርቱን ከጥይቱ ጀመረች፦ መጀመሪያ ጠርዝ የሌለው 7.5 ሚሊሜትር ጥይት ሠራች፣ ከዚያ በእሱ ዙሪያ ሻተልሮ 24/29 የተባለውን ቀላል መትረየስ። ካዝናው 25 ይይዛል፣ ከላይ ነው የሚገባው፣ ሁለት ቃታ አለው፤ አንዱ ለነጠላ፣ አንዱ ለተከታታይ። ካዝናው ከላይ መሆኑ ጭቃ ውስጥ እንዳይነከር ነው፤ ጎኑም አልተከፈተም።

በሙዚየም ወይም በሕግ መሠረት እንዳይተኩስ ተደርጎ በሰብሳቢ እጅ ያለ ሾሻ የሚያጋጥመው ሰው ጥቂት ነገር ቢመለከት ይጠቅመዋል። ካዝናው ግማሽ ክብ ከሆነ የ8 ሚሊሜትሩ ነው፤ ትንሽ ብቻ የጎበጠ ሳጥን ከሆነ አሜሪካዊው ወይም ቤልጅጋዊው። የ«ሲዳርም» ማኅተም ያለበት ከግላዲያተሩ ብርቅ ነው። የውጭው ቱቦ ላይ ጉድጓድ ወይም የተመታ ቦታ ካለ አፈሙዙ በውስጡ አይንሸራተትም፤ በእጅ ወደ ኋላ ሲገፉት እስከ መጨረሻው ሄዶ በራሱ ሞላ መመለስ አለበት፣ ካልተመለሰ ወይ ቱቦው ተጎድጉዷል ወይ ሞላው ሞቷል። የሽያጭ ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ካዝናው አብሮ መኖሩን፣ ከንፈሩም አለመጣመሙን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ካዝና በያኔው ጭቃ ውስጥ እንደ ቆሻሻ ይጣል ስለነበር ዛሬ ጤነኛው ከመሣሪያው በላይ ይፈለጋል።